ከቆረጣው በኋላ

ካርታ ሠሪዋ ፊቷ ላይ ሳሙና እንዳለ ቀጥ ብላ ቆመች። ከቆርቆሮው አጥር ማዶ አባቷ የጓሮ ጎረቤታቸውን፣ ልብስ አጣቢዋን፣ ቁም ስቅሏን እያሳያት ነበር። ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ ከፍ ቢያደርግ ይሻል ነበር። አርባ ዓመት ልብስ ሲሰፋ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ ሰፈሩ «ጋሽ ሜትር» ይለዋል፤ ነገር ሲናገርም እንደ መርፌ ጠቅ ጠቅ እያደረገ ነው። «የተራራው እንጨት ተሸጦ ቧንቧ ሊገባልን ነው፤ በአንቺ በአንዷ ጣት የተነሳ ሰፈሩ ውሃ ይጣ ነው የምትይው?» አላት። አጣቢዋ ቀስ ብላ መለሰች። «ጋሼ፣ እኔ ውሃ ጠልቼ ነው? ከኔ በላይ ውሃ የሚፈልግ ማን አለ? ግን የማውቀው ጓሮዬን ነው። ያን ሁሉ አፈር ከጀርባ ግድግዳዬ ላይ ያዝ ያደረገው የዛፉ ሥር ነው። ዛፉ ከተቆረጠ፣ ዝናብ ሲመጣ አፈሩ የት ሊሄድ ነው?»

«የትም አይሄድም። ሥዕሉን አላየሽም እንዴ? ልጄ እኮ ናት በኮምፒውተር የሠራችው! በሚቀጥለው ዓመት እንኳ ጫካው እንዳለ ነው። እኔ ደግሞ እንደ ሌላው ዝም ብዬ አላመንኩም፤ ሜትሬን ይዤ ሄጄ ለክቼዋለሁ። ዛፉ የቤታችንን ጣራ ሦስት እጥፍ ይሆናል፤ ሦስት እጥፍ!» አለና ድምፁን ጭራሽ ዝቅ አደረገው። «ከጫካው ከሚዋሰኑት ዘጠኝ ቤቶች የቀረሽው አንቺ ብቻ ነሽ። ነገ ሰዉ ልብሱን ሌላ ቦታ ቢሰጥ እኔን እንዳትወቅሺኝ።» ከአጥሩ ማዶ አንድ ነገር ቀጭ ብሎ ሲከፈት ተሰማ፤ የጣት አሻራ ቀለም የያዘው የቆርቆሮ ሳጥን ነበር። ወረቀት ተንኮሻኮሸ። «ጎሽ፣ እንዲህ ነው እንጂ» አለ አባቷ።

ካርታ ሠሪዋ ክው አለች። ክው ያሰኛት የአባቷ ማስፈራራት ብቻ ቢሆን ኖሮ ተናዳ ታልፈው ነበር። ሦስት እጥፍ የሚለው ነው ልቧን ስንጥቅ ያደረገው። የተተከለ ችግኝ በዓመቱ ከሰው ጉልበት አያልፍም፤ ይህን ለማወቅ ኮምፒውተር አያስፈልግም። የጣራ ሦስት እጥፍ የሚሆን ጥድ ሃያ ዓመት ይፈልጋል። ሳሙናው ዓይኗ ውስጥ ገባ፣ አቃጠላት፤ አልታጠበችውም። አባቷ ወረቀቱን እንደ ሕፃን አቅፎ በጓሮ በር ሲገባ ገጠማትና «ተጠናቀቀ!» አላት። «ስልሳ ሦስት ፊርማ። ጫካውን የሚዋሰኑት ዘጠኙም ቤቶች ገብተዋል።» እሷም ፎጣውን ፊቷ ላይ እንደያዘች «እሺ አባዬ» አለችው።

ሥዕሉ የተለጠፈው የዳቦ መሸጫው ግድግዳ ላይ ነው። ሁለት ናቸው፣ ጎን ለጎን፤ አንዱ «ዛሬ» ይላል፣ ሌላው «ከቆረጣው በኋላ»። ከሰፈሩ በላይ ያለው ተራራ ከነዛፉ፣ ከነጥላው፣ ከነቤቶቹ ጣራ ቁጭ ብሏል፤ ያየ ሁሉ ፎቶ ነው የሚመስለው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጠዋት ማታ አልፋበታለች፤ የገዛ ሥራን ማየትና ማንበብ ግን ለየቅል ናቸው። ዛሬ ቀረብ ብላ አየችው። ዛፉ እውነትም ሦስት ጣራ ነው። ፕሮግራሙ ዓመቱን የሚጽፍባት የታችኛዋ የቀኝ ጥግ ላይ የምትሠራበት የደን መሥሪያ ቤት ዓርማ ዓመቱን ሸፍኖ ተቀምጧል፤ ያስቀመጠችው ራሷ ናት፣ ዓርማው ተለቅ ይበል ስለተባለች። «ኢንጂነሯ!» አለቻት ዳቦ ሻጯ ከመስኮቷ ብቅ ብላ። ኢንጂነር አይደለችም፤ ሰፈሩ ነው የሾማት። «ውሃውን መቼ ነው የምታመጪልን? ዛሬ ደግሞ ጀሪካኑ ላይ ጨምረውበታል፤ ነገ በማንኪያ ሊሸጡልን ነው።» ካርታ ሠሪዋ የጥርስ ሳቅ ሳቀችላትና በጥድፊያ ወደ ታክሲው ሄደች።

ታክሲ ውስጥ ተጨናንቃ ቆማ ነገሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ አስታወሰችው። ሥራዋ ብዙ ረቂቅ ነገር የለውም። ከሰማይ የተነሳ የሳተላይት ፎቶ አለ፤ የመሬቱ ከፍታ በየአምስት ሜትሩ የተለካበት መረጃ አለ፤ የደን ሠራተኞች በእግራቸው ዞረው የሞሉት ቅጽ አለ፣ የዛፉ ዓይነት፣ ዕድሜ፣ ውፍረት፣ ብዛት። እነዚህን አንዱን በአንዱ ላይ ትደርባቸዋለች። ኮምፒውተሩ ተራራውን ያቆመዋል፣ አርባ አንድ ቁራሽ አድርጎ ይከፋፍለዋል፣ በየቁራሹ ላይም ዛፍ ይተክላል። ከስክሪኑ ግርጌ የዓመት መስመር አለች፤ ወደ ቀኝ ሲገፏት የተቆረጠው ቦታ ላይ ችግኙ ያድጋል፣ ወደ ግራ ሲስቧት ይቀጭጫል። ሥዕሉ የታተመ ቀን የዛፉ እድገት ትክክል መሆኑን ልታይ መስመሯን ሃያ ዓመት ላይ ገፍታት ነበር። ማተሚያ ቤቱ ሊዘጋ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ደወሉላት፤ «ላኪው ወይም ነገ ሳምንት» አሏት። ላከችው። መስመሯን ወደ አንድ መመለስ ረሳች። ከሥሩ የጻፈችውም «ከቆረጣው በኋላ» ብቻ ነው፤ ስንት ዓመት በኋላ እንደሆነ ማን ይጠይቃል?

መሥሪያ ቤት ደርሳ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ ፋይሉን ከፈተች። ሃያ። መስመሯን ይዛ ወደ ግራ ሳበቻት። ከቁራሽ አሥር እስከ አሥራ አራት፣ ሊቆረጥ በታሰበው ቦታ፣ ያለው ዛፍ እያጠረ፣ እያጠረ ሄዶ መሬት ውስጥ ገባ፤ ተራራው መሃል ለመሃል ተላጨ። ለራሷ መከራዋን ስትጨምር የዳገቱን ቀለም ደረበችበት። እነሱ ዘንድ ቀይ ማለት ሥር ካልያዘው በዝናብ የማይቆም መሬት ማለት ነው። ቁራሽ አሥራ ሁለት ከዳር እስከ ዳር ቀይ ነበር፤ የግርጌው ጫፍ የሚያርፈው ደግሞ ዘጠኝ ትንንሽ ጣራዎች ጀርባ ላይ ነው። ሦስተኛው ጣራ የአጣቢዋ ነው። የታጠበ ልብስ የምታሰጣበት ገመድ ሳይቀር በፎቶው ላይ እንደ ክር ይታያል።

ወደ ኃላፊዋ ቢሮ ገባች። ኃላፊው ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ነገሩ ይቀል ነበር። ለዚያ ሰፈር የውሃ ቧንቧ እንዲገባ ሁለት ዓመት ሙሉ ከቢሮ ቢሮ የተንከራተተው እሱ ነው፤ ወጪውም ከሚቆረጠው እንጨት ሽያጭ እንዲሸፈን ያስፈቀደው እሱ ነው። የነገረችውን እስክትጨርስ ሰማት። ተነስቶ በሩን ዘጋው። ማራገቢያው ጠረጴዛው ላይ ወረቀት እያነሳ እየጣለ ነበርና እሱንም አጠፋው።

«ሥዕሉ ውሸት ነው?»

«ውሸትስ አይደለም። የሃያ ዓመቱ ነው እንጂ።»

«ሃያ ዓመት ከቆረጣው በኋላ አይደለም?»

«ነው። ሰዉ ግን የሚቀጥለው ዓመት መስሎታል።»

«እኛ የሚቀጥለው ዓመት ብለናል? የት ላይ?»

አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይሄ ነው። ካርታ ሠሪዋ ስለ ቁራሽ አሥራ ሁለት ነገረችው፣ ስለ ቀዩ ቀለም ነገረችው፤ ቀዩን ያውቀዋል፣ እሱ ራሱ ነው ያስተማራት። ዓይኖቹን በመዳፉ አሸ። ዛፎቹ አርጅተዋል አላት፤ ግማሹ ቆሞ የደረቀ ነው፣ ዛሬ ባንቆርጠው ነገ ነፋስ ይጥለዋል፤ ተዳፋቱን ትተን ሜዳውን እንቁረጥ ብንል ደግሞ ሜዳው ላይ ያለው እንጨት የቧንቧውን ግማሽ አይሸፍንም። ያለው ሁሉ እውነትነት ነበረው። ከዚያ መሳቢያውን ሳብ አደረገና «ኮንትራትሽ የሚያልቀው መቼ ነው?» አላት። «በአሥራ አምስት ቀን» አለች። «የቋሚነት ደብዳቤሽ እዚህ ነው ያለው። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት የሰፈሩ ስብሰባ ላይ አንቺ ኮምፒውተሩን ታንቀሳቅሻለሽ፣ እኔ እናገራለሁ። በቃ።» ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። ካርታ ሠሪዋ ያን ቀን ለሁለተኛ ጊዜ ነው እንዲህ ያለ ዝቅ ያለ ድምፅ የሰማችው፤ የጠዋቱ ለሰው ነበር፣ ይሄኛው ለሷ። አጣቢዋ ጣቷን ቀለሙ ላይ ስትጭን ምን ተሰምቷት እንደነበር አሁን ገባት።

በምሳ ሰዓት ቤት የሄደችው ለአባቷ ቀድማ ልትነግረው ነው። በሰው ፊት ከሚሰማው ከሷ ይስማው ብላ ነው። ቤታቸው አንድ ክፍል ናት፤ ሁለት አልጋ፣ መሃላቸው መጋረጃ፣ መስኮቱ ሥር በጨርቅ የተሸፈነ የስፌት መኪና፣ በሩ አጠገብ ደግሞ የሦስት ቀን ውሃ የያዙ አምስት ቢጫ ጀሪካኖች ተሰልፈዋል። ከነሱ ሁለቱን ትናንት አባቷ ራሱ ከታች ከመንገዱ ተሸክሞ ነው ያመጣው፤ በዚህ ዕድሜው፣ በዚህ ወገቡ። ኮቱን እየተኮሰ ደረሰች። የውሃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ስለሆነ ፊት ረድፍ ነው የሚቀመጠው። ሜትሩ እንደ ልማዱ አንገቱ ላይ ተጠምጥሟል።

«አባዬ፣ ስለ ሥዕሉ…»

«ስለ ሥዕሉ ለኔ አትንገሪኝ፤ ለክቼዋለሁ ብዬሻለሁ» አለ በሳቅ። ካውያውን አዞረው። እሷም እንዴት እንደምትጀምረው ጠፋባትና በሌላ በኩል መጣች። «ጠዋት ከአጥሩ ማዶ እትዬን ስታናግራት ሰምቻለሁ።» ካውያው ቆመ። ኮቱ ላይ ብዙ ስለቆየ የጨርቅ ሽታ ተነሳ፤ ያኔ ነው ያነሳው። «ለሰፈሩ ብዬ ነው» አለ። የጎረቤት ሬዲዮ ስለ ኳስ እያወራ ነበር። «እኔ በስሜ አልለመንኩም» አለ እጅጌውን እያስተካከለ። «ማን ያምነኛል፣ የጡረታ ልብስ ሰፊ? ስልሳ ሦስት በር ያንኳኳሁት በስምሽ ነው። ልጄ የሠራችው ነው ብዬ ነው። ሰዉም በአንቺ አምኖ ነው የፈረመው።» ኩራቱ ፊቱ ላይ እንደ ብርሃን ነበር። ካርታ ሠሪዋ ምሳውን ሳትነካው ስብሰባው አዳራሽ ኮምፒውተሩን ላዘጋጅ ብላ ወጣች።

አዳራሹ የሰፈሩ ትምህርት ቤት ነው። አግዳሚ ወንበሮቹ ሞልተው ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ፊት ለፊት ነጭ ሸራ ተሰቅሏል፣ ከጎኑ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ የፊርማው መዝገብ፣ ከመዝገቡ ኋላ የመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ። ጸሐፊው ደንቡን አነበበ፤ ሰዉ የሚያውቀውን ነው፤ ከጫካው ጋር የሚዋሰኑት ዘጠኝ ቤቶች አንድ ሳይቀር ካልተስማሙ ቆረጣው አይጸድቅም፤ የፈረመ ሰው ሐሳቡን ከቀየረ ስብሰባው ከመዘጋቱ በፊት ራሱ ቀርቦ ፊርማውን ይሰርዛል። አጣቢዋ በሩ አጠገብ ቆማለች። እጆቿን ቀሚሷ ውስጥ ሸጉጣለች፤ ሳሙና የበላው እጅ ነው፣ ሰው ፊት አታወጣውም። ኃላፊው ተነስቶ ስለ ቧንቧው ተናገረ፣ በስንት ወር እንደሚገባ፣ በስንት ቦታ ቦኖ እንደሚተከል። ጭብጨባው አዳራሹን አናወጠው። «እንግዲህ ሥዕሉን አሳዪአቸው» አላት ወደ ካርታ ሠሪዋ ዞሮ።

አሳየች። ተራራው ሸራው ላይ ቆመ፣ አረንጓዴ፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ የሚያምር። አባቷ ከፊት ረድፍ ሆኖ ለጎኑ ሰው በሜትሩ ጫፍ ዛፉን እያመለከተ ነው። ያኔ ከበሩ በኩል ቀጭን ድምፅ መጣ።

«ጌታዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ዛፉ ትልቅ ነው። ዕድሜው ስንት ነው?»

«ከቆረጣው በኋላ ያለው ነው፣ እናቴ» አለ ኃላፊው።

«ከቆረጣው ስንት ዓመት በኋላ?»

አዳራሹ አጉረመረመ። አባቷ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ዞር ብሎ «ኧረ አንቺ ሴትዮ፣ አሁንም?» አለ፤ ሰዉ ሳቀ። ብዙ ሰው ነው የሳቀው። አጣቢዋ አንገቷን ደፋች። ካርታ ሠሪዋ ሳቁን እስከ መጨረሻው ሰማችው፤ በሷ ሥዕል የተሳቀ ሳቅ ነው። ኃላፊው «ሌላ ጥያቄ?» ሲል እጇ የዓመት መስመሯን ይዛ ወደ ግራ ሳበቻት።

ዛፎቹ ማጠር ጀመሩ። መጀመሪያ ሰዉ የኮምፒውተሩ ጨዋታ መሰለው፤ አንዱ «ይሄውና ሲኒማ!» አለ። ጥዶቹ ከሦስት ጣራ ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ አንድ ወረዱ፤ ከዚያም የቤት ቁመት ያህል የቀረው ሁሉ ጠፋና የተራራው ቡናማ ገላ ወጣ። ከሥሩ ዘጠኙ ጣራዎች ተራ በተራ ተገለጡ። ሳቁ መቼ እንደቆመ አይታወቅም፣ ቆሟል። ካርታ ሠሪዋ ቆመች።

«የመጀመሪያው ዓመት ይሄ ነው» አለች። «ግድግዳ ላይ የለጠፍነው የሃያ ዓመቱ ነው። መስመሯን መመለስ ረስቼ ነው ያሳተምኩት። ስህተቱ የኔ ነው፣ የማንም አይደለም። ዛሬ ጠዋት አወቅሁ፤ እስካሁን ዝም ማለቴ ደግሞ ሌላ ጥፋት ነው። ይሄ ቀይ ቦታ…» ቀለሙን ደረበችበት። «ይሄ ቦታ ያለ ሥር አይቆምም።»

አዳራሹ ተቀጣጠለ። «ውሃውስ?» አለ አንዱ ከኋላ። «አንቺ መሥሪያ ቤትሽ ቧንቧ አለልሽ!» አለች ሌላዋ። «ይሄን ሁሉ ጊዜ የት ነበርሽ?» «በሰፈሩ ላይ ነው እንዴ ሥራ የምትማሪው?» ትናንት ኢንጂነሯ ያላት ሰው ነው ዛሬ እንዲህ የሚላት። ዳቦ ሻጯ ፊቷን አዞረችባት፤ እሱ ባሰባት። ኃላፊው ጎንበስ ብሎ ለሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ «ነገ እንዳትመጪ» አላትና ወደ ሰዉ ተመለሰ። ፊቱ አመድ መስሏል፤ ድምፁ ግን አልተለወጠም። «ሰምታችኋል። ደንቡም ተነብቦላችኋል። ልሰርዝ የሚል ካለ አሁን ይምጣ። ከሌለ እንዘጋለን።» ምን እንዳለ ያውቃል። በዚያ ሁሉ ጀሪካን ተሸካሚ ፊት ተነስቶ ውሃውን የሚያስቀር ደፋር ማን ነው? የሰው ፊት ከእሳት ይብሳል። ከዘጠኙ ቤቶች ስምንቱ እርስ በርስ ተያዩ፣ መሬት መሬት አዩ። ዘጠነኛዋ በሩ አጠገብ ነች፤ እሷማ ጠዋት የሚባለውን ተብላለች።

ካርታ ሠሪዋ አባቷን ብቻ ነበር የምታየው። አገጩ ደረቱ ላይ ወርዷል። ሸራውን አይደለም የሚያየው፣ የገዛ እጆቹን ነው። ዕድሜውን ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ ጨርቅ አበላሸ አልተባለም፤ ዛሬ በልጁ ስም፣ በልጁ አፍ፣ በሰፈሩ ሁሉ ፊት ተበላሸበት። ቀና ብሎ ቢሰድባት ይሻላት ነበር። ኃላፊው ሰዓቱን አየ። «እንግዲህ…» ሲል አባቷ ተነሳ። ወገቡን ይዞ፣ የተተኮሰ ኮቱን ለብሶ ወደ ፊት መጣ፤ በመጀመሪያ ወደሷ የሚመጣ መስሏት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። አጠገቧ ሲደርስ አላያትም፤ አልፏት ወደ ጠረጴዛው ሄደ።

ጸሐፊው መዝገቡን ገለጠና «የእርስዎ አንደኛ ላይ ነው፣ ይኸውልዎ» አለው።

«የኔማ ምን ይሠራል?» አለ አባቷ። «የኔ ቤት ጫካ አይዋሰን።» ገጹን ራሱ ገለበጠውና ጣቱን ከታች፣ ጥቁር አሻራው ላይ አሳረፈ። «ይሄን ሰርዝ።»

«ይሄ የርስዎ አይደለም እኮ ጋሼ። ባለቤቷ ራሷ ናት መምጣት ያለባት።»

አባቷ ወደ በሩ ዞረ፤ ከበሩ እስከ ጠረጴዛው ያለውን ሰው ሁሉ እያየ ነው የዞረው። ሲናገር ያ የጠዋቱ ዝቅ ያለ ድምፅ አልነበረም፤ የኋላ ሰው ሁሉ ሰምቶታል።

«እህቴ፣ ነይ ሰርዢው። በፈቃድሽ የፈረምሽው አይደለም። ልብስ የሚሰጥሽ ታጫለሽ ብዬ አስፈራርቼ ያስፈረምኩሽ እኔ ነኝ።»

አጣቢዋ ከበሩ ተላቀቀች። በአግዳሚዎቹ መሃል ስታልፍ ሰዉ ጉልበቱን እየሰበሰበ አሳለፋት። ጠረጴዛው ጋ ስትደርስ የተላላጡ እጆቿን አወጣችና መዝገቡ ላይ አሻራዋን አየችው፤ ከዚያም ሽቅብ ወደ ካርታ ሠሪዋ አባት።

«ጋሼ» አለች ቀስ ብላ፣ «ውሃውስ?»

«እንደ ወትሯችን ተሸክመን እንቀዳለን» አላትና ብዕሩን ከፍቶ ሰጣት።